«ባንኩ አተረፈ ይባላል፤ የእኔ ብርስ?»

በዚህ ሰሞን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚያወሩት ስለ ባንክ አክሲዮን ነው። ይቺን የመረጥኩት የሌሎቹንም ጥያቄ ስለያዘች ነው። ትንሽ አሳጥሬያታለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። የ54 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። በ2012 ዓ.ም. የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሊቋቋም ያለ የአንድ ባንክ አክሲዮን ይሸጥ ነበር። ቤት ድረስ መጥቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ‹እታለም፣ ይሄ ለልጆችሽ ነው› ብሎ አስፈረመን። የ100 ሺህ ብር አክሲዮን ገዛን። የአገልግሎት ክፍያ ተብሎ ደግሞ 5 ሺህ ብር ከላይ ከፈልን። ባንኩ ሥራ የጀመረው በ2014 ነው። መጀመሪያ ምንም አልሰጡንም። የ2016 ሒሳብ ሲዘጋ 9,800 ብር ደረሰን። የ2017 ሲዘጋ ግን 4,100 ብር ብቻ! በዚያው ሰሞን በቴሌቪዥን ‹ባንኩ ከፍተኛ ትርፍ አስመዘገበ› ሲሉ ሰማሁና ደሜ ፈላ። አሁን ደግሞ ካፒታል ስለምናሳድግ ነባር ባለአክሲዮኖች ጨምሩ የሚል ደብዳቤ መጥቷል። ወንድምየው ‹ካልጨመራችሁ ድርሻችሁ ያንሳል› ይላል። ባለቤቴ ዕቁብ የደረሰኝን 80 ሺህ ብር እዚያው ላይ እንድንጨምር ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ የጀመርናትን ሰርቪስ ጨርሼ ላከራይ ነው ሐሳቤ። አንድ ደላላ አክሲዮኑን በ70 ሺህ ልውሰደው ብሎኛል። በዚህ ጉዳይ ቤታችን ሰላም አጥቷል። ልሽጥ? ልጨምር? ወይስ እርሜን ላውጣ? — ወ/ሮ መ.፣ ከአዳማ»

ወ/ሮ መ.፣ እንደምን አሉ?

ዕቁቡን አይንኩት። ሰርቪሷን ይጨርሱ። አክሲዮኑን ደግሞ አንድ ወረቀት ሳያዩ በ70 ሺህ ለማንም አይስጡ። መልሴ ይኸው ነው። የቀረው ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ነው፤ እሱን ባለቤትዎ አብረውዎት ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ንዴትዎ። ትክክል ነዎት፣ ያናድዳል። ስድስት ዓመት ሙሉ በእጅዎ የገባው 13,900 ብር ነው። ያንኑ 100 ሺህ ብር ባንክ በዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ፣ በ7 በመቶ፣ አስቀምጠው ቢረሱት ኖሮ ዛሬ ወደ 150 ሺህ ይጠጋ ነበር። እሱም ቢሆን ኑሮውን አይደርስበትም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሄዶ ነበር። በሐምሌ 2016 ደግሞ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በ2012 መቶ ሺህ ብር ምን ያህል ቆርቆሮና ሲሚንቶ ይገዛ እንደነበር ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ ሰርቪስ ጀምረዋላ።

ስለዚህ ከስረዋል። ከዚህ መጀመር ይሻላል። «ባንክ አይከስርም፣ ትንሽ እንታገሥ» የሚለው ማጽናኛ ብዙ ሰው ሌላ ብር እንዲጨምር አድርጓል።

አሁን ወደሚያበሳጨው ነገር ልምጣ። ባንኩ ትርፌ ጨመረ ሲል የእርስዎ ድርሻ እንዴት ከግማሽ በታች ይወርዳል? ሰርቀው ነው? አይመስለኝም። ነገሩ ማካፈል ነው።

በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ባንክ አንድ ሚሊዮን አክሲዮን አለው እንበል፤ አንዱ አንድ ሺህ ብር። የዓመቱ የተጣራ ትርፍ 300 ሚሊዮን ብር ነው። ለአንድ አክሲዮን 300 ብር ይደርሳል ማለት ነው። ቀጥሎ ባንኩ አዳዲስ አክሲዮን ሸጠና አክሲዮኑ ሦስት ሚሊዮን ሆነ። ትርፉም አደገ፤ 450 ሚሊዮን ብር ገባ። በቴሌቪዥን «ትርፉ በ50 በመቶ ጨመረ» ይባላል። ውሸት አይደለም። ግን ለሦስት ሚሊዮን ሲካፈል ለአንዱ 150 ብር ነው። የእርስዎ በግማሽ ወረደ። ድግሱ አድጓል፤ ታዳሚው ግን ከድግሱ ቀድሞ በዛ።

ይሄም ገና ከመቆረጡ በፊት ነው። ባንክ ከዓመቱ የተጣራ ትርፍ 25 በመቶውን ለሕጋዊ መጠባበቂያ የማስቀመጥ ግዴታ አለበት፤ መጠባበቂያው ከካፒታሉ እኩል እስኪሆን ድረስ። 150ዋ ብር በዚህ ወደ 112 ብር ከ50 ሳንቲም ትወርዳለች። ከዚያ የትርፍ ድርሻ ግብር ይቀነሳል። ቦርዱ ደግሞ «የተወሰነውን ካፒታል እናድርገው» ብሎ ጉባኤውን ካስወሰነ በጥሬው የሚደርስዎ ያንሳል። የእርስዎ 100 ሺህ ብርም አንዱ አንድ ሺህ የሆነ መቶ አክሲዮን ነው ብዬ ልያዝ፤ እርስዎ የነገሩኝ ቁጥር፣ ከ98 ብር ወደ 41 ብር በአክሲዮን፣ ልክ እንደዚህ ዓይነት ታሪክ ይመስላል።

ታዲያ ባንኮቹ ለምን እንዲህ በጥድፊያ አክሲዮን ይሸጣሉ? ስለታዘዙ። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የባንክ ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል፣ ማለትም ባለአክሲዮኖች በእርግጥ የከፈሉት ገንዘብ፣ ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አለ። ለነባሮቹ ባንኮች የተቀመጠው ቀን ሰኔ 2018 ዓ.ም. ነበር። አሥር እጥፍ ነው፣ ቀላል አይደለም። እርስዎ ቤት የደረሰው ደብዳቤ ከዚያ መመሪያ የወጣ ይመስለኛል። ጨምሩ የሚልዎት ባንኩ ብሩን የሚያውልበት አዲስ ሥራ አግኝቶ ነው ወይስ የታዘዘውን ቁጥር ለመሙላት? እኔ ቢሆን ለሁለተኛው ብሬን አላወጣም።

ለአዳዲሶቹ ባንኮች ፍርድ ልስጥ ከተባለ፣ ጊዜው ጨክኖባቸዋል። ቅርንጫፍ መክፈት፣ ሕንፃ መከራየት፣ የኮምፒውተር ሥርዓት መግዛት፣ ከነባር ባንክ ሠራተኛ በከፍተኛ ደመወዝ መሳብ፤ ይሄ ሁሉ ወጪ ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። ገቢው ግን ከብድር ነው የሚመጣው። በ2015 መጀመሪያ አካባቢ ካበደሩት አዲስ ብድር ላይ 20 በመቶውን ያህል የመንግሥት ቦንድ ግዙ ተባሉ፤ ወለዱ ደግሞ ከብድር ወለድ በጣም ያነሰ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ተገደበ። በ2017 ወደ 18 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። መቶ ቢሊዮን ብር ያበደረ ነባር ባንክ 14 በመቶ ሲባል 14 ቢሊዮን ይጨምራል። ሁለት ቢሊዮን ያበደረ ጀማሪ ግን 280 ሚሊዮን ነው የሚጨምረው። ወጪው ግን አልተገደበም። እዚህ ላይ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኪሳራና የምሥረታ ወጪ ሳይሸፈን ትርፍ እንደማይከፋፈል ይጨምሩበት። በመጀመሪያው ሰሞን ምንም ያልደረሰዎ ለዚህ ይመስለኛል።

ይሄን የምልዎት ጥብቅና ልቆምላቸው አይደለም። በዚያው ጊዜ፣ በዚያው መመሪያ ሥር ሆነው በደንብ ያተረፉ አሉ። መመሪያ የሁሉም ነው፤ አያያዝ ግን የየራስ ነው። የዚያ ልዩነት ነው መታየት ያለበት፤ እሱን የሚያሳይዎት ደግሞ ያ ወረቀት ነው።

ወረቀቱ የባንኩ ዓመታዊ ሪፖርት ነው። የሚያብረቀርቀው መጽሔት። ብዙ ሰው ጉባኤ ላይ ከውሃና ከቦርሳ ጋር ይቀበለውና ቴሌቪዥን ሥር ያስቀምጠዋል። የፊት ገጾቹን ይዝለሏቸው፤ የቦርድ ሰብሳቢው ፎቶና መልእክት፣ የቅርንጫፍ ምረቃ ሪባን፣ ችግኝ ተከላ። ወደ ኋላ ይሂዱ፤ የውጭ ኦዲተሩ ፊርማ ካለበት በኋላ የትርፍና ኪሳራ መግለጫው ይመጣል። ከሠንጠረዡ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣ የአንድ አክሲዮን ገቢ የምትል መስመር አለች። የዘንድሮና የዓምናው ጎን ለጎን ተጽፏል። ስለ ባንኩ እውነቱን የምትናገረው ያቺ መስመር ናት።

ሁለተኛ፣ የሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ካፒታል የሚለውን ይፈልጉ። የተከፈለው ካፒታል፣ መጠባበቂያው፣ ያልተከፋፈለው ትርፍ ተደምሮ ማለት ነው። ያንን ለአክሲዮኖቹ ብዛት ያካፍሉት። ልጅዎ በስልክ ካልኩሌተር በአንድ ደቂቃ ያወጣዋል። የሚያገኙት አንድ አክሲዮን በመዝገብ ስንት እንደሚያወጣ ነው።

«ካልጨመራችሁ ድርሻችሁ ያንሳል» የሚለው ነገር የሚፈተነው እዚህ ጋ ነው። እውነት ነው፣ ነባር ባለአክሲዮን አዲስ አክሲዮን ሲወጣ በድርሻው ልክ ቅድሚያ የመግዛት መብት አለው። ካልገዙ በመቶኛ ያንሳሉ። ግን እርስዎ ያለዎት መቶ አክሲዮን ነው። ከሚሊዮን አክሲዮን ውስጥ መቶ ማለት ከመቶኛ አንድ መቶኛ ነው። ቢያንስስ ምን ሥልጣን ያጣሉ? የሚጎዱት በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ አንዱ አክሲዮን በመዝገብ ለምሳሌ 1,300 ብር እያወጣ ለአዲስ ገቢዎች በ1,000 ሲሸጥ። ያኔ ከእርስዎ ኪስ ወደ እነሱ እየሄደ ነውና መግዛቱ ያዋጣል። የመዝገብ ዋጋው 950 ሆኖ በ1,000 የሚሸጥ ከሆነ ግን አዲስ የሚገዛው ሰው ነው ለእርስዎ የሚደጉመው። እባክዎን፣ ሌላ ሰው ይደጉምዎ!

በጀማሪ ባንክ፣ ኪሳራ አሳልፎ ገና ማትረፍ የጀመረ፣ 1,300 ይሆናል ብዬ አልጠብቅም። ከእኔ ግምት ግን ቁጥሩን ማመን ይሻላል። ይዩት።

ደላላው 70 ሺህ ብሎ የሄደው በአጋጣሚ አይደለም። በ700 ብር ገዝቶ 41 ብር ቢደርሰው እንኳ ወደ 6 በመቶ ነው፤ የመዝገብ ዋጋው 950 ከሆነ ደግሞ ቁጭ ብሎ 25 ሺህ ብር አተረፈ። እሱ የሚጠብቀውን ያውቃል። በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀምሯል። ወጋገን ባንክ መጀመሪያ ተመዘገበ፣ ገዳ ባንክ ተከተለ። ቀስ በቀስ ሌሎችም ሲገቡ ዋጋ በአደባባይ ይታወቃል፤ በቡና ቤት ወሬ መሸጥ ይቀራል። ይህ ሲባል ገበያ ገባ ማለት ዋጋ ይወጣል ማለት አይደለም። ደካማ ባንክ ድክመቱ በአደባባይ ይታያል፣ ያ ብቻ ነው። የእርስዎ ባንክ ለመመዝገብ የት እንደደረሰ ለአክሲዮን ክፍሉ ደውለው ይጠይቁ።

ሌላ ወሬም አለ። «የውጭ ባንክ መጥቶ በሦስት እጥፍ ይገዛናል» የሚል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በሩን ከፍቷል። አንድ ስትራቴጂክ የውጭ ባለሀብት እስከ 40 በመቶ፣ ውጭዎቹ በድምሩ እስከ 49 በመቶ መያዝ ይችላሉ። ግን መጥቶ የሚገዛው ማንን ነው? ጎበዙን ነው። በዚህ ተስፋ ዕቁብ አይከሰከስም።

ታዲያ መቼ ይሽጡ? ሪፖርቱ ላይ የተበላሸ ብድር፣ ማለትም በጊዜው ያልተመለሰው፣ ከጠቅላላ ብድሩ ስንት በመቶ እንደሆነ ይዩ። የብሔራዊ ባንክ ጣሪያ 5 በመቶ ነው። የእርስዎ ባንክ ከዚያ አልፎ፣ በዚያ ላይ ከዓመት ዓመት እያደገ ከሆነ፣ የአንድ አክሲዮን ገቢውም ለሁለተኛ ዓመት ከወረደ፣ ያኔ ፈላጊ ያፈላልጉ። ዝውውሩ ግን በባንኩ አክሲዮን ክፍል በኩል፣ በሕጋዊ ውል ይሁን፤ ብሩ ሒሳብዎ ሳይገባ አይፈርሙ። ከሽያጩ ግብር ሊኖር ስለሚችል እሱንም አስቀድመው ይጠይቁ። የተበላሸ ብድሩ ዝቅተኛ ከሆነና ገቢው የወረደው አክሲዮን ስለበዛ ብቻ ከሆነ ግን እኔ እይዘው ነበር። ካፒታል የማሳደጉ ሩጫ ሲያበቃ ታዳሚው መብዛቱን ያቆማል፤ ትርፉ ካደገ ያን ጊዜ ወደ እርስዎ ይደርሳል።

ለውሳኔ የሚረዳዎ ጥያቄ ልስጥዎት። ዛሬ አክሲዮኑ ባይኖርዎ፣ በእጅዎ 70 ሺህ ብር ቢኖር፣ ይህን ባንክ በዚህ ዋጋ ይገዙት ነበር? መልስዎ «በፍጹም» ከሆነ፣ የያዙት በእልህ ነው። በ2012 የወጣው 105 ሺህ ከዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም፤ ሄዷል።

አሁን ስለ ጉባኤው። ይሄ ላይ ትንሽ ልቆጣ ነው፣ በእርስዎ ብቻ አይደለም።

በየዓመቱ ኅዳርና ታኅሣሥ አዲስ አበባ አዳራሾቹ በባለአክሲዮን ይሞላሉ። ሰዉ ሲገባ የተናደደ ነው። ማይክ ሲሰጠው ምን ይላል? «የቀን መቁጠሪያ አልደረሰንም።» «ወረዳችን ቅርንጫፍ አልተከፈተም።» «በዚህ አጋጣሚ ቦርዱን ማመስገን እፈልጋለሁ።» ከዚያ ሪፖርቱ በጭብጨባ ይጸድቃል። ምሳ ሰዓት ይደርሳል። ሰዉ ወጥቶ በር ላይ ይናደዳል። የቦርድ ሰብሳቢ ከቅሬታ አያላብም፤ ቁጥር የያዘ ጥያቄ ሲመጣ ግን ወደ ፕሬዚዳንቱ ዞሮ ይንሾካሾካል። «የአንድ አክሲዮን ገቢ ከዚህ ወደዚህ ወርዷል፤ በመጪው ዓመት ስንት ለማድረስ አቅዳችኋል? ከመቶ ብር ገቢ ስንቱ ለወጪ ይሄዳል? ለሕንፃ ኪራይ ብቻ ስንት?» ሦስት አረፍተ ነገር ነው። በቃለ ጉባኤ ይመዝገብልኝ ይበሉ። በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ቃለ ጉባኤ አንስተው መልሰው ይጠይቁ።

ከአዳማ ካልተመቸዎ ውክልና ይስጡ፤ ግን ባዶ ውክልና አይፈርሙ። የተወካይ ስም ቦታው ክፍት የሆነ ቅጽ እየዞረ ሲፈረም ነው የማየው። ያ ቅጽ የት እንደሚደርስ ልንገርዎት? ቦርድ መግባት የሚፈልግ ሰው እጅ። ብሔራዊ ባንክ ስለ ባንክ አስተዳደር ባወጣው ደንብ መሠረት ከቦርዱ መቀመጫ ቢያንስ ሲሶው በእርስዎ ዓይነቶቹ፣ ከካፒታሉ 2 በመቶ ባልደረሱት ባለአክሲዮኖች ተጠቁሞ የሚመረጥ ነው። ትልቅ ነገር ነው። ትንንሾቹ ድምፃቸውን በባዶ ወረቀት ለትልልቆቹ እየሰጡ፣ ከዚያ «ትንንሹን የሚሰማ የለም» ይላሉ። እርስዎ ባለቤትዎን ወይም የሚያምኑትን ሰው ስሙን ጽፈው ይወክሉ። አዳማ ውስጥ ያው ባንክ አክሲዮን ያላቸው ጎረቤቶች አይጠፉም፤ ሰብሰብ ብላችሁ አንድ አንደበት ያለው ሰው ብትልኩ ደግሞ የትራንስፖርቱም ወጪ ይቀላል።

የባለቤትዎ ወንድም ነገር ይቀራል። በ2012 አክሲዮን የሸጠ ሰው ሁሉ አታላይ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ነባር ባንኮች በአንድ ሺህ ብር አክሲዮን ሦስት መቶ ብርና ከዚያም በላይ ሲያካፍሉ ነበር፤ እሱም ያንን አይቶ ነው የተናገረው። ግን አንድ ነገር ይጠይቁት፣ ባለቤትዎ ባሉበት፣ ሳይቆጡ። «የአሁኑን ስታሻሽጥ ኮሚሽን አለህ ወይ? አንተስ ስንት ጨመርክ?» እሱ ራሱ በደብዳቤው መሠረት ጨምሮ ከሆነ ቢያንስ የሚያምንበትን ነው የሚመክረው። ካልጨመረ ባለቤትዎ መልሱን ከእኔ አይጠብቁም።

ባለቤትዎን ደግሞ «አክሲዮንህ ከሰረ» በሚል አይግጠሟቸው። የወንድማቸው ጉዳይ ነው፤ ወንድምን ከመከላከል ሌላ ምርጫ አይኖራቸውም። «ሰርቪሷ በወር ስንት ትከራያለች፣ 80 ሺው አክሲዮን ደግሞ በዓምናው ልክ በዓመት ስንት ያመጣል?» ብለው ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ይጻፉት። በ41 ብር ሒሳብ ሰማንያ አክሲዮን በዓመት 3,280 ብር ነው። አዳማ ውስጥ የአንዲት ሰርቪስ ኪራይ ስንት እንደሆነ እሳቸውም ያውቁታል።

ሪፖርቱ ከሌለዎ ዋናው መሥሪያ ቤት ወይም ቅርብ ቅርንጫፍ ይጠይቁ፤ ባለአክሲዮን ነዎት፣ ውለታ አይደለም። የትርፍና ኪሳራውን ገጽና የሀብትና ዕዳውን ገጽ በስልክዎ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፤ የባንኩን ስም ሳላነሳ ስሌቱን በሚቀጥለው ዓምድ እሠራዋለሁ።